ከዳኛ ጎን የሚቀመጡ የሕዝብ ተወካዮች፦ በእስራኤል የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት የሕግ ባለሙያ ያልሆኑ ችሎት አባላት ሹመትና ሚና

በእስራኤል የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት (ቤት ሃዲን ላዓቮዳ) በሠራተኛና በአሠሪ መካከል የሚነሣ ክርክርን የሚሰማው ሙሉ ችሎት ሦስት አባላት አሉት። አንዱ በሕግ ሙያ የሠለጠነ ዳኛ ነው። ከእርሱ ጎን የሚቀመጡት ሁለቱ የሕዝብ ተወካዮች (ነጺጌ ጺቡር) ይባላሉ። ከእነዚህ አንዱ ከሠራተኞች ወገን፣ ሌላው ከአሠሪዎች ወገን የተሾመ ነው። የሕግ ምሩቅ መሆን አይጠበቅባቸውም፤ ለዚህ ኃላፊነት የሚመረጡት የሥራን ዓለም በተግባር ስለሚያውቁ ነው። ይሁን እንጂ ታዛቢዎች ወይም የዳኛው አማካሪዎች ብቻ አይደሉም። ፍርድ በሚሰጥበት ጊዜ እያንዳንዳቸው ከዳኛው ጋር እኩል ድምፅ አላቸው።

ብዙ ባለጉዳዮች ወደ ችሎት ሲገቡ እነዚህ ሁለት ሰዎች እነማን እንደሆኑ፣ ለማን እንደቆሙና ምን ሥልጣን እንዳላቸው አያውቁም። ይህን አለማወቅ አንዳንዴ ዋጋ ያስከፍላል። ከሠራተኞች ወገን የተሾመውን ተወካይ እንደ ራሱ ጠበቃ የሚቆጥር ከሳሽ ማስረጃውን አሟልቶ ላይቀርብ ይችላል። ተወካዮቹን ከቁም ነገር የማይቆጥር ባለጉዳይ ደግሞ በክርክሩ ላይ ሁለት ድምፅ ያላቸውን ሰዎች ችላ ይላል። ይህ ማብራሪያ የሕዝብ ተወካዮችን ሹመት፣ ሥልጣንና ገደብ እንዲሁም የባለጉዳዩን መብቶች በአጭሩ ያስረዳል።

የሥርዓቱ መነሻ

የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ሕግ ነው። ከዚያ በፊት የሥራ ክርክሮች በአብዛኛው ይታዩ የነበረው በመደበኛ ፍርድ ቤቶች ነበር። የብሔራዊው የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ዳኛ ጽቪ ባር-ኒቭ ነበሩ።

የእስራኤል መደበኛ ፍርድ ቤቶች ከተራው ሕዝብ የሚመረጥ የጁሪ ሥርዓት የላቸውም፤ ፍርድ የሚሰጡት በሙያቸው ዳኛ የሆኑ ሰዎች ናቸው። የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ከዚህ ልማድ የተለየ መንገድ ይከተላል። ተመሳሳይ ሥርዓት በሌሎች አገሮችም ይገኛል። በጀርመን የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት አንድ ባለሙያ ዳኛ ከሠራተኞችና ከአሠሪዎች ወገን ከተመረጡ ሁለት የክብር ዳኞች ጋር ይቀመጣል። በፈረንሳይ ደግሞ የሥራ ክርክርን በመጀመሪያ ደረጃ የሚያዩት ከሁለቱ ወገኖች በእኩል ቁጥር የተውጣጡ፣ በሙያቸው ዳኛ ያልሆኑ ሰዎች ናቸው።

የሥርዓቱ መሠረታዊ ሐሳብ ግልጽ ነው። የሥራ ክርክር በሕግ አንቀጽ ብቻ አይፈታም። የፈረቃ ሰሌዳ እንዴት እንደሚወጣ፣ የሥራ ሰዓት በምን ዓይነት መዝገብ እንደሚያዝ፣ ኃላፊው ለሠራተኛው በቃል የሰጠው ትእዛዝ በሥራ ቦታ ምን ትርጉም እንዳለው፣ አንድ አነስተኛ ድርጅት ደመወዝ ለመክፈል ምን ችግር እንደሚገጥመው የሚያውቅ ሰው በችሎቱ ውስጥ ቢኖር ፍርዱ ለእውነታው ይቀርባል። ዳኛው ሕጉን ያመጣል፤ ተወካዮቹ የሥራን ኑሮ ያመጣሉ። ውሳኔው የሦስቱ ነው።

ተወካዮቹን የሚሾማቸው ማን ነው?

የሕዝብ ተወካዮችን በጋራ የሚሾሙት የፍትሕ ሚኒስትሩና ለሥራ ጉዳዮች ኃላፊ የሆነው ሚኒስትር ናቸው። ሹመቱ ከመሰጠቱ በፊት ከሠራተኞችና ከአሠሪዎች ድርጅቶች ጋር ምክክር ይደረጋል። የሹመቱ ዘመን ሦስት ዓመት ሲሆን ሊታደስ ይችላል።

ተሿሚዎቹ ብዙውን ጊዜ በሠራተኛ ማኅበራት፣ በሰው ኃይል አስተዳደር፣ በድርጅት አመራር ወይም በሌላ የሥራ ዘርፍ ረጅም ልምድ ያካበቱ ሰዎች ናቸው። የችሎት አገልግሎት የሙሉ ጊዜ ሥራቸው አይደለም። በተጠሩበት ቀን ይቀመጣሉ፤ በሌሎቹ ቀናት የራሳቸውን ሥራ ይሠራሉ፣ ወይም ጡረታ ላይ ያሉ ናቸው።

በሦስት ዓመቱ ዘመን ውስጥ አንድ ተወካይ በርካታ ጉዳዮችን ሊያይ ይችላል። ተወካዩን ለአንድ ችሎት የሚመድበው ፍርድ ቤቱ እንጂ ከተከራካሪዎቹ አንዱ አይደለም። ይህ ነጥብ ለሚቀጥለው ጥያቄ ቁልፍ ነው።

ተወካዩ የማን ተወካይ ነው?

በኢትዮጵያ የሽምግልና ባህል አለመግባባት ሲነሣ እያንዳንዱ ወገን የሚያምናቸውን ሽማግሌዎች ይመርጣል፤ ሽማግሌዎቹም ተቀምጠው ሁለቱን ወገኖች ያስማማሉ። በዚህ ባህል ላደገ ሰው ከሠራተኞች ወገን የተሾመው የችሎት አባል የሠራተኛው ሽማግሌ፣ ከአሠሪዎች ወገን የተሾመው ደግሞ የአሠሪው ሽማግሌ መስሎ ሊታየው ይችላል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም።

የሕዝብ ተወካይ ከአንድ ወገን መሾሙ የሚያመለክተው ልምዱ ከየት እንደመጣ ነው፤ ለማን እንደሚፈርድ አይደለም። ችሎት ላይ ከተቀመጠበት ጊዜ አንሥቶ እንደ ዳኛው ሁሉ ከሕግ በቀር ሌላ የበላይ የለበትም። የሾሙት ሚኒስትሮችም ሆኑ ሐሳብ ያቀረቡት ድርጅቶች በአንድ ጉዳይ እንዴት እንዲፈርድ ሊያዙት አይችሉም።

ስለዚህ ከሠራተኞች ወገን የተሾመ ተወካይ በማስረጃ ያልተደገፈን የሠራተኛ ክስ ውድቅ ለማድረግ ድምፅ ሊሰጥ ይችላል፤ ከአሠሪዎች ወገን የተሾመውም በአሠሪው ላይ ሊፈርድ ይችላል። ባለጉዳዩ ከሁለቱም የሚጠብቀው ድጋፍን ሳይሆን ማስተዋልን ሊሆን ይገባል። ከዚህም የተነሣ ባለጉዳዩም ሆነ ዘመዶቹ ከችሎት ውጭ ተወካይን ስለ ጉዳዩ ማነጋገር፣ ስልክ መደወል ወይም ሰው መላክ የለባቸውም። ለዳኛ የማይደረግ ነገር ለሕዝብ ተወካይም አይደረግም።

እኩል ድምፅ ማለት ምን ማለት ነው?

ችሎቱ የሚወስነው በድምፅ ብልጫ ነው። ሦስቱ ከተስማሙ ፍርዱ በአንድ ድምፅ ይሰጣል። ካልተስማሙ የሁለቱ ሐሳብ ፍርድ ይሆናል፤ የተለየው አባል ሐሳብም በፍርዱ ውስጥ ይሰፍራል። በሕጉ መሠረት ሁለቱ ተወካዮች ተስማምተው ዳኛው በሐሳብ ቢለይ የተወካዮቹ ሐሳብ ያሸንፋል። በፍርዱ ጽሑፍ ላይም የዳኛውና የሁለቱ ተወካዮች ስም፣ ከየትኛው ወገን እንደተሾሙ ጭምር ይጻፋል።

ሥርዓቱ በተግባር እንዴት እንደሚሠራ ለማሳየት አንድ የታሰበ ምሳሌ እንውሰድ። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ለትርፍ ሰዓት ሥራ አልተከፈለኝም ብላ ክስ ታቀርባለች። አሠሪው የሥራ ሰዓቷ በየወሩ የደመወዝ መግለጫዋ (ትሉሽ) ላይ እንደተጻፈው ነው ይላል፤ የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገብ ግን አላቀረበም። በደመወዝ ጥበቃ ሕግ መሠረት አሠሪ በሕግ የተጠየቀውን የሥራ ሰዓት መዝገብ ካላቀረበ፣ ለተወሰነ የትርፍ ሰዓት መጠን፣ ይኸውም በሳምንት እስከ 15 ወይም በወር እስከ 60 ሰዓት፣ የማስረዳት ሸክም ወደ አሠሪው ይዞራል። ዳኛው ይህን የሕግ ድንጋጌ ያውቃል። ተወካዮቹ ደግሞ አንድን ሕንፃ ለማጽዳት ስንት ሰዓት እንደሚያስፈልግ፣ በእንዲህ ዓይነት ሥራ ፈረቃ እንዴት እንደሚከፋፈልና የአሠሪው ማብራሪያ ከሥራው ልማድ ጋር ይጣጣም እንደሆነ ለመጠየቅ የተሻለ ልምድ ሊኖራቸው ይችላል። ተወካዮች በዳኛው በኩል ወይም ራሳቸው ለምስክሮች ጥያቄ ሊያቀርቡ ይችላሉ።

የችሎቱ አሠራርም ለዚህ ዓይነት ማጣራት የተመቸ ነው። የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት በአብዛኛው ጉዳዮች በመደበኛ የማስረጃ ሕግ ጥብቅ ደንቦች የታሰረ አይደለም። የሥነ ሥርዓት ድንጋጌ በሌለበት ሁኔታም ለፍትሕ ይበልጥ ተገቢ መስሎ በታየው መንገድ እንዲሠራ ሕጉ ይፈቅድለታል።

ተወካዮች የሚገኙበትና የማይገኙበት የክርክር ደረጃ

የአካባቢ የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤቶች አምስት ሲሆኑ የሚገኙትም በኢየሩሳሌም፣ በቴል አቪቭ፣ በሃይፋ፣ በቤር ሼቫና በናዝሬት ነው። ክስ የሚጀመረው በእነዚህ ነው። ሆኖም ባለጉዳዩ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ላይ ሦስት ሰዎችን ላያገኝ ይችላል። ይህ በራሱ ስሕተት አይደለም።

ቅድመ ክርክር (ዲዩን ሙክዳም)፦ የክርክሩ ጭብጥ የሚለይበት፣ ሰነዶች የሚጠየቁበትና የስምምነት ዕድል የሚፈተሽበት ደረጃ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመራው ዳኛው ብቻውን ነው።

ፈጣን ክርክር (ዲዩን ማሂር)፦ የገንዘብ መጠናቸው አነስተኛ ለሆኑ ክሶች የተዘጋጀ አጭር ሥነ ሥርዓት ነው። ያለ ሕዝብ ተወካዮች በዳኛ ወይም በሬጅስትራር ይታያል።

የማስረጃ መስማት፦ በመደበኛ ክስ ዋና ምስክርነት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ በቃለ መሐላ በተረጋገጠ ጽሑፍ (ታጽሂር) ይቀርባል። በችሎት ፊት የሚካሄደው መስቀለኛ ጥያቄ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ሚና ጎልቶ የሚታየው በዚህ ደረጃ ነው፤ ምስክሩን ዐይተውና ሰምተው ይመዝናሉ።

ፍርድ፦ ሦስቱ አባላት ተመካክረው ይወስናሉ።

አንድ ተወካይ ተጠርቶ በቀጠሮው ቀን ካልተገኘ ዳኛው ያለ እርሱ ክርክሩን እንዲሰማ ሕጉ ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ ሁኔታ ሲያጋጥም ባለጉዳዩ ወይም ጠበቃው በጉዳዩ ላይ አስተያየቱን ለችሎቱ ማቅረብና አስተያየቱ በችሎቱ መዝገብ እንዲጻፍ መጠየቅ ይችላል።

የሕክምና ባለሙያ አማካሪ ከሕዝብ ተወካይ ይለያል

የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ከብሔራዊ መድን ተቋም (ቢቱዋህ ለኡሚ) ጋር የሚነሡ ክርክሮችንም ይመለከታል። በእነዚህ ጉዳዮች ሌላ ዓይነት ባለሙያ ሊሾም ይችላል፤ ይህም የሕክምና ባለሙያ አማካሪ (ዮዔጽ ሙምኼ ረፉኢ) ነው። ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

የሕክምና አማካሪው ከዳኛው ጎን አይቀመጥም፤ ድምፅም የለውም። የሚሾመው በተለይ በሥራ አደጋና ከሥራ ጋር በተያያዘ በሽታ ጉዳዮች፣ በሥራው ላይ በደረሰው ነገርና በጤና ጉዳቱ መካከል ግንኙነት መኖር አለመኖሩን የሚመለከት የሕክምና ጥያቄ ሲነሣ ነው። ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ምን እንደተፈጸመ ይወስናል። ቀጥሎም የተረጋገጡትን ነገሮች፣ የሕክምና ሰነዶቹንና ጥያቄዎቹን ለባለሙያው ይልካል። ባለሙያው መልሱን በጽሑፍ ይሰጣል። ተከራካሪዎች የማብራሪያ ጥያቄ እንዲቀርብለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላሉ።

የመጨረሻው ውሳኔ የፍርድ ቤቱ ነው። ይሁንና ፍርድ ቤቱ የሾመው ባለሙያ ከሁለቱም ወገን ነፃ ስለሆነ ለአስተያየቱ ከፍተኛ ክብደት ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት ለባለጉዳዩ ዋነኛው ጥንቃቄ ከሹመቱ በፊት የሚደረገው ነው። አደጋው የደረሰበት ቀንና ሁኔታ፣ የመጀመሪያው ሕክምና የተገኘበት ቀን፣ የነበረ የቀድሞ ሕመም ቢኖር እርሱም ጭምር በሰነድ ተሟልተው መቅረብ አለባቸው። ባለሙያው የሚሠራው በቀረቡለት ነገሮች ላይ ተመሥርቶ ነውና።

የአካል ጉዳት መጠንን በመቶኛ የሚወስነው ግን የብሔራዊ መድን የሕክምና ኮሚቴ (ቫዓዳ ረፉኢት) ነው። የይግባኝ የሕክምና ኮሚቴው በሰጠው ውሳኔ ላይ ወደ ሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት የሚቻለው በሕግ ጥያቄ ብቻ ነው። ለምሳሌ ኮሚቴው ውሳኔውን በምክንያት ካላስደገፈ ወይም የባለጉዳዩን አቤቱታ ካልመረመረ የሕግ ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ይግባኙ የሚቀርበው በ60 ቀናት ውስጥ ነው።

የባለጉዳዩ መብቶች

ባለጉዳዩ በጉዳዩ ላይ የሚቀመጡት እነማን እንደሆኑና ከየትኛው ወገን እንደተሾሙ የማወቅ መብት አለው። ስማቸው በችሎቱ መዝገብ ይሰፍራል።

አንድ ተወካይ የተከራካሪው ዘመድ ከሆነ፣ ከአንዱ ወገን ጋር የሥራ ወይም የጥቅም ግንኙነት ካለው ወይም ገለልተኛነቱን የሚያጠራጥር ሌላ በቂ ምክንያት ካለ፣ ባለጉዳዩ ተወካዩ ከችሎቱ እንዲነሣ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ምክንያቱ እንደታወቀ ወዲያውኑ መቅረብ አለበት። ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ የሚነሣ ተቃውሞ ደካማ ነው። ተወካዩ ከአሠሪዎች ወገን መሾሙ ብቻ ወይም ለምስክሩ ጠንከር ያለ ጥያቄ ማቅረቡ ለማስነሣት በቂ ምክንያት አይሆንም።

ባለጉዳዩ ያለ ጠበቃ ራሱን ወክሎ መከራከር ይችላል። ብሔራዊ መድን ተቋምን ለሚከሱ ሰዎች በፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ድጋፍ ክፍል (ሲዩዓ ሚሽፓቲ) በኩል የጠበቃ ድጋፍ ይሰጣል። በዚህ ዓይነት ጉዳይ የገቢ መጠን አይመረመርም፤ ክሱ በሕግ ረገድ የማሸነፍ ዕድል ያለው መሆኑ ግን ይመዘናል። በሌሎች የሥራ ክርክሮች ድጋፉ በገቢ መጠን ላይ የተመሠረተ ነው።

በዕብራይስጥ ቋንቋ ሐሳቡን በሚገባ መግለጽ የማይችል ባለጉዳይ ወይም ምስክር የትርጉም ፍላጎቱን ከቀጠሮው ቀን አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት (መዝኪሩት) ማሳወቅ ይኖርበታል። ችሎት ከተጀመረ በኋላ የሚቀርብ ጥያቄ ቀጠሮን ሊያራዝም ይችላል።

ከሙሉ ችሎት ፊት ለመቅረብ የሚደረግ ዝግጅት

የሕዝብ ተወካዮች የሚመዝኑት የሥራውን እውነታ ነው። ስለዚህ አቀራረቡ ተጨባጭ ሊሆን ይገባል።

1. የሥራውን ዕለታዊ ሁኔታ በቅደም ተከተል ማዘጋጀት፦ ሥራ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ሰዓት፣ የዕረፍት ጊዜ፣ ትእዛዝ የሚሰጠው ሰው ማንነት፣ ደመወዝ የሚከፈልበት መንገድ።

2. ሰነዶችን በቀን ቅደም ተከተል ማስቀመጥ፦ የቅጥር ውል ወይም ስለ ሥራ ሁኔታ የተሰጠ ማስታወቂያ፣ የደመወዝ መግለጫዎች፣ የባንክ መግለጫ፣ የፈረቃ ሰሌዳ፣ የስልክ መልእክቶች፣ የስንብት ደብዳቤ።

3. የሚያውቁትን ከሰሙት መለየት፦ ምስክሩ ራሱ ያየውን ብቻ በግልጽ ቢናገር በልምድ በበለጸጉ አባላት ፊት ይበልጥ ይታመናል። የተጋነነ ቁጥር ትክክለኛውን የክስ ክፍል ጭምር ያዳክማል።

4. መልስን ለችሎቱ በሙሉ መስጠት፦ ጥያቄ ያቀረበው ተወካይ ከየትኛውም ወገን ቢሾም በአክብሮትና በቀጥታ መመለስ ይገባል። ከአሠሪዎች ወገን የተሾመው አባል ጥያቄ ብዙ ጊዜ የሥራውን አካሄድ ለመረዳት የሚቀርብ እንጂ ክሱን ለመቃወም የታሰበ አይደለም።

5. የስምምነት ሐሳብን መመዘን፦ ችሎቱ ተከራካሪዎች እንዲስማሙ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል። ባለጉዳዩ ሐሳቡን የመቀበል ግዴታ የለበትም፤ ሳይረዳው ወይም ሳይተረጎምለት በስምምነት ላይ መፈረምም የለበትም።

የጊዜ ገደብና ይግባኝ

ብሔራዊ መድን ተቋም የይገባኛል ጥያቄን ውድቅ ሲያደርግ ክሱ ወደ አካባቢው የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት የሚቀርበው ውሳኔው ለባለጉዳዩ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ በ12 ወራት ውስጥ ነው።

የአካባቢው ፍርድ ቤት በሰጠው ፍርድ ላይ ይግባኝ የሚቀርበው በኢየሩሳሌም ለሚገኘው ብሔራዊ የሥራ ጉዳዮች ፍርድ ቤት ሲሆን፣ የጊዜ ገደቡ 30 ቀናት ነው። በዚያም የሕዝብ ተወካዮች ይቀመጣሉ፤ በመደበኛው ይግባኝ ሦስት ዳኞች ከአንድ የሠራተኞችና ከአንድ የአሠሪዎች ወገን ተወካይ ጋር ሆነው ያያሉ። ከዚህ በኋላ መደበኛ ይግባኝ የለም። ለጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ እንደ ከፍተኛ የፍትሕ ችሎት (ባጋጽ) ሲቀመጥ፣ አቤቱታ ማቅረብ ቢቻልም ችሎቱ ጣልቃ የሚገባው መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ሲገኝና ፍትሕ ይህን ሲጠይቅ ብቻ ነው።

በችሎት አባላት መካከል የሐሳብ ልዩነት ከነበረ የተለየው ሐሳብ በጥንቃቄ ሊነበብ ይገባል። በድምፅ የተሸነፈው አባል የጻፈው ምክንያት፣ ይግባኝ ማለት ይጠቅም እንደሆነ ለሚመዝን ባለጉዳይና ለጠበቃው ጠቃሚ መነሻ ሊሆን ይችላል።